ለአላስካ አደን በውሃ ላይ የሚያርፍ ቻርተር (የኪራይ አውሮፕላን) እንዴት ይመረጣል? (ጥያቄውና 21 መልሶቹ)

ጥያቄውን የከፈተው ካዛንቺስ ላይ የጉዞ ወኪል ቢሮ ያለው ሰው ነው። አራት አዳኞችን ወደ ምዕራብ አላስካ ሊልክ ነው፤ ሁለቱ ከዚሁ ከአዲስ አበባ፣ ሁለቱ አሜሪካ የሚኖሩ የአክስታቸው ልጆች። የሚያድኑት ሙስ ነው፤ ከአጋዘን ዘር ትልቁ፣ ወንዱ ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን። ጉዞው ከጳጉሜን እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ወደ ቦታው መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ካምፑ ሐይቅ ዳር ስለሆነ የሚያደርሳቸው በጎማ ፋንታ ሁለት ጀልባ መሰል ተንሳፋፊዎች የተገጠሙለት አውሮፕላን ነው። ሁለት ድርጅቶች ዋጋ ልከውለታል። አንዱ ቢቨር የሚባለውን አውሮፕላን በነፍስ ወከፍ ያስከፍላል፣ ሌላው ተርባይን ኦተር የሚባለውን ተለቅ ያለ አውሮፕላን በበረራ ሰዓት። የጠያቂው ስሌት አጭር ነው፦ አራት ሰው በአንድ ቢቨር ገጥሞ ይገባል፣ በ10ኛው ቀን ያው አውሮፕላን መጥቶ ያወጣቸዋል፣ ስለዚህ በነፍስ ወከፍ የረከሰው ይሻላል። የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ይንገረኝ፣ ቀብድ ልከፍል ነው ይላል።

ተቃዋሚ አላጣም። ጥያቄው የውይይት መድረኩ ላይ እየተመላለሰ ስለሚነሳ መልሶቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስፍሬያለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ አልስማማም ብያለሁ።

መልስ 1። የጻፈው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ መሆኑ ያስታውቃል። ጠያቂውን በትህትና አመስግኖ፣ ከዋጋ በፊት ወረቀት ይጠየቃል ይላል። በክፍያ መንገደኛ የሚያጓጉዝ እንዲህ ያለ ድርጅት በአሜሪካ ሕግ ፓርት 135 የሚባለው የአየር ታክሲ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ፈቃዱ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚመጣላችሁ አውሮፕላን የጅራት ቁጥር (መለያ ቁጥሩ) ከፈቃዱ ጋር በተያያዘው የአውሮፕላኖች ዝርዝር ውስጥ መስፈሩን ጠይቁ፤ ወቅቱ ሲጨናነቅ ከሌላ ቦታ የተዋሱት አውሮፕላን ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ፣ አዳኝ አጓጉዛለሁ ብሎ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ከአላስካ ግዛት ቦርድ የአጓጓዥነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አጓጓዥ ሰውና ዕቃ ያደርሳል እንጂ አደን አይመራም፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ድርጅት ካያችሁ ራቁ። ከዚያ የጅራት ቁጥሩን በአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የአደጋ መዝገብ ውስጥ ፈልጉ።

ለኦተሩ ድርጅት ለብቻው አንድ ጥያቄ ጨምሯል። ነሐሴ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት ባሕር ላይ የወደቀው ኦተር 10 ሰዎችን የጨረሰው የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል በበረራ ላይ ተፈትቶ ነው፤ ክፍሉ እንዳይፈታ የሚይዘው ትንሽ የመቆለፊያ ቀለበት ከስብርባሪው ውስጥ ቦታው ላይ አልተገኘም። ስለዚህ ይህ ቀለበት በእናንተ አውሮፕላን ላይ መቼ ታየ ተብሎ በጽሑፍ ይጠየቅ። ቀኑን ጠቅሶ የሚመልስ ድርጅት ጥገናውን የሚያውቅ ድርጅት ነው።

መልስ 2። የውይይቱን ክር የቀየረው ይህ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና መኖሪያውም አሜሪካ ያልሆነ ሰው አላስካ ውስጥ ማንኛውንም ትልቅ አውሬ ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ አብሮት መሆን አለበት። ሙስም፣ ካሪቡ የሚባለው ሌላው የአጋዘን ዘርም ሳይቀር። አሜሪካ ነዋሪ የሆኑት የአክስት ልጆች ለሙስ መሪ አያስፈልጋቸውም፤ እነሱ መሪ የሚያስፈልጋቸው ለቡናማ ድብ፣ ዳል ለሚባለው የዱር በግና ለተራራ ፍየል ነው። አላስካ የሚኖር የቅርብ ዘመድ መሪውን ሊተካ የሚችልበት ድንጋጌ ቢኖርም ለውጭ አገር ዜጋ አይሠራም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚሄዱት ሁለቱ ያለ መሪ ጠመንጃ ካነሱ ሕገ ወጥ አዳኞች ናቸው። መጀመሪያ ከመሪ ጋር ውል፣ ከዚያ አውሮፕላን። ጠመንጃም ከዚህ ይዞ ለመግባት አስቀድሞ የሚሞላ የአሜሪካ መንግሥት የማስገቢያ ቅጽ ስላለ፣ ከመሪው መዋስ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል ብሏል።

መልስ 3። መምህር ይመስለኛል፤ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ እንደሚሠራ ሰው ደረጃ በደረጃ ነው ያስቀመጠው፤ ስለጠቀመኝ ሙሉውን ላስፍረው። ቢቨር በተንሳፋፊ ላይ ሆኖ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 5,090 ፓውንድ፣ ማለትም 2,309 ኪሎ ነው። ባዶው እንደየአውሮፕላኑ ይለያያል፤ ለስሌት 1,550 ኪሎ እንበል። 759 ይቀራል። ፓይለቱን ከነድንገተኛ ዕቃው 100 ኪሎ ቀንሱ። ነዳጅ በሰዓት 90 ሊትር ገደማ ይበላል፤ ካምፑ የ1 ሰዓት በረራ ከሆነ ደርሶ መልስ 2 ሰዓት፣ ከግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ጋር 225 ሊትር። የአውሮፕላን ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ስለሚመዝን 162 ኪሎ ሆነ። ለሰውና ለዕቃ የተረፈው 497 ኪሎ ነው።

አራት አዳኝ በ90 ኪሎ፣ ዕቃቸው በነፍስ ወከፍ 30 ኪሎ፣ 480 ይሆናል። የጠያቂው ሐሳብ በ17 ኪሎ ትርፍ ገጠመ። ግን በመልስ 2 መሠረት መሪው ሲጨመር 600 ስለሚሆን ሲገቡም ሁለት ምልልስ ነው። አሁን መውጫውን እንይ። አምስት ሰው 450፣ ምግቡ ስላለቀ ዕቃው 125፣ ሁለት ሙስ ቢወድቅ አጥንቱ የወጣ ሥጋ እያንዳንዱ 225 ኪሎ ገደማ፣ ቀንድ በ25 ኪሎ። ድምሩ 1,075። ለ497 ስታካፍሉት ሦስት ምልልስ ነው። በነፍስ ወከፍ የተጻፈው ዋጋ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ የቀረው ሦስት ምልልስ የት እንደተጻፈ ፈልጉ ይላል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ድርጅቶች አነጻጽሯል። ተርባይን ኦተር ወደ 900 ኪሎ ይዞ ከወጣ በአንድ ምልልስ ያስገባቸዋል፣ በሁለት ያወጣቸዋል፤ ሦስት ለአምስት ነው። ፍጥነታቸው እኩል ነው ብንል እንኳ፣ የኦተሩ የሰዓት ዋጋ ከቢቨሩ በ1.67 እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ውድ የመሰለው ይረክሳል። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የአደን ቻርተር የሚመረጠው በሥጋው መውጫ ነው እንጂ በሰው መግቢያ አይደለም።

መልስ 4። ሒሳቡን ተቀብሎ አንድ ቁጥር ያርማል። በአንዳንድ የአላስካ የአደን ቀጠናዎች የታፋ፣ የወርችና የጎድን ሥጋ ከነአጥንቱ ከሜዳ መውጣት አለበት፤ እዚያው ከአጥንቱ ለይቶ ሙዳ ማድረግ ክልክል ነው። ስለዚህ 225 የተባለው በቀላሉ 280 ሊሆን ይችላል። ድምሩ 1,185 ደርሶ ያው ሦስት ምልልስ ቢሆንም፣ አራቱም አዳኞች ከቀናቸው ወደ 1,795 ይወጣና አራት ይሆናል። አንገቱ፣ ፍሪምባው፣ ሽንጡ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ሥጋ፣ የሚበላ ሥጋ ሁሉ መውጣት አለበት፤ ትቶ መሄድ ወንጀል ነው። ቅርጫ የገባ ሰው ብልቶቹን ስለሚያውቃቸው ለኛ ሰው ይህ አያስቸግርም። ቀንዱ ደግሞ ከሥጋው ቀድሞ አይወጣም፤ ከመጨረሻው ሥጋ ጋር ነው የሚጫነው። ፓይለቱ ቦታ አለኝ ብሎ ቀንዱን በመጀመሪያው ምልልስ ቢወስድላችሁ ሕግ የጣሳችሁት እናንተ ናችሁ።

የሥጋ ከረጢቱን በተመለከተ የጻፈውን ወድጄዋለሁ። ማዳበሪያ ከረጢትና ላስቲክ አየር ስለማያሳልፉ ሥጋው ያልበዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይሸታል። ነጭ አቡጀዲ ገዝቶ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ማሰፋት ነው፤ ለአንድ ሙስ ስምንት። ለአራቱ እግሮች አራት፣ ለሁለቱ የጎድን ሳንቃዎች ሁለት፣ ለአንገት አንድ፣ ለልቃሚው አንድ። ስፌቱ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ይመታ፤ ታፋ ሲሰቀል ክብደቱ የሚያርፈው ከታች ባለው ማዕዘን ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጠንከሪያ ስለሚቀባ ሁለቴ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ካልደረቀ አየር በደንብ አያሳልፍም።

መልስ 5 ሱፐር ካብ የሚባለው ትንሹ አውሮፕላን ከሁሉም ይረክሳል ይላል፤ መልስ 6 ወዲያው ያርመዋል። ሱፐር ካብ ከፓይለቱ ሌላ የሚይዘው አንድ ሰውና ትንሽ ሻንጣ ነው፤ ጠቅላላ የተፈቀደለት 794 ኪሎ። ሙያው ሰፋፊ ጎማ አስሮ አሸዋና ጠጠር ላይ ማረፍ ነው፤ አምስት ሰውና ሁለት ሙስ በሱ ማመላለስ ሳምንት ይፈጃል።

መልስ 7። እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊው፣ እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ናቸው፣ ልምድ ያለው ፓይለት 100 ኪሎ ቢጨመርበት አይሸበርም፣ ቀንዱንም ከተንሳፋፊው ብረት ላይ ያስረዋል፣ ጥሩ ጉርሻ ከተሰጠው ሁሉም ይስተካከላል ይላል።

መልስ 8 የመጣው በቁጣ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር፣ ምዕራብ አላስካ ውስጥ የሙስ ሥጋ ያመላልስ የነበረ ሱፐር ካብ ወድቆ ፓይለቱ ሞቷል። የተጻፈው የምርመራ ውጤት ነው፤ አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት ክብደት በላይ ጭኗል፣ ቀንዱ ያለ ፈቃድ ከክንፉ ድጋፍ ብረት ጋር ውጭ ታስሯል፣ ከኮረብታው ጀርባ ደግሞ ወደ ታች የሚደፍቅ ነፋስ ነበር። ሰፊ ቀንድ ውጭ ሲታሰር አየሩን እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ነው የሚይዘው፤ ያውም በአንድ ጎን ብቻ። እንዲህ ያለውን ነገር በጉርሻ የሚያስተካክል ሰው ሌላ ሰው ሲሞት የሚያይ ነው ብሎ ጨረሰ።

መልስ 9 የ7ኛው ጸሐፊ መከላከያ ነው። አልሰደብኩም፣ አልገደልኩም፣ ውጭ የታሰረ ቀንድ ግን በፎቶ ሞልቷል ይላል። በፎቶ መሙላቱ እውነት ነው። በፈቃድ፣ ለተመረመረ ጭነትና መንገደኛ ሳይያዝ የሚደረግ እንዳለ፣ ለአዳኝ ግን ፎቶው ፈቃዱን እንደማያሳይ መልስ 10 በረጋ ቃል አስረድቷል።

ይኸው መልስ 10 ውሃው በራሱ ክብደትን እንዴት እንደሚቀጣ የጻፈውን ማንም እንዳያልፈው። አውሮፕላኑ ለመነሳት መጀመሪያ ውሃውን እያረሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ተንሳፋፊዎቹ ከውሃው ላይ ወጥተው እንደ ፈጣን ጀልባ መንሸራተት አለባቸው። ጭነት ሲበዛ ተንሳፋፊው ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ይህ የመንሸራተት ደረጃ ላይ መድረሻው ይረዝማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደረስም። ሐይቁ ፀጥ ብሎ እንደ መስታወት ሲሆን ይብሳል፤ ውሃው ተንሳፋፊውን ይዞ አይለቅም፤ ፓይለቶች ራሳቸው ክብ እየዞሩ ማዕበል የሚፈጥሩት ለዚህ ነው። ለማረፍም መስታወት ውሃ አስቸጋሪ ነው፤ ከፍታው በዓይን ስለማይለይ ሞተሩ ኃይል እንደያዘ በዝግታ ይወረዳል። ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የምታወርዱን ሐይቅ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ሙሉ ጭነት ይዛችሁስ ከዚያ ትነሳላችሁ? ማረፍ የሚቻልበት ሐይቅ ሁሉ ተጭኖ የሚነሱበት አይደለም። ሥጋውን ወደ ትልቅ ሐይቅ በአጭር በረራ እያመላለሱ እዚያ የሚያከማቹ አሉ፤ ያ ደግሞ ሌላ የበረራ ሰዓት ነው።

መልስ 11 ስለ አየር ጠባይ ነው። እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበሩት በዓይን እያዩ ነው፤ ደመናው ወርዶ ኮረብታውን ከሸፈነ ማንም አይመጣም። የ10 ቀን ጉዞ ማለት የ15 ቀን ምግብ ማለት ነው፤ ከአንኮሬጅ የሚነሳው ትልቁ የመልስ ትኬትም ቀኑ የሚቀየር ዓይነት ይሁን። ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሩክስ ተራሮች ለሚሄድ ደግሞ ትናንሽ ሐይቆች በሴፕቴምበር መጨረሻ መቀዝቀዝ ስለሚጀምሩ የመጨረሻውን ሳምንት የሚሸጥላችሁን ድርጅት፣ ሐይቁ ቢቀዘቅዝ በምን ታወጡናላችሁ ብላችሁ ጠይቁት። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር አላስካ ውስጥ በየተራራ መተላለፊያው የአየር ጠባይ ካሜራዎች አሉት፤ የቦታችሁን ካሜራ ከአሁኑ ለይታችሁ ማየት ልመዱ ይላል። መጨረሻ ላይ፣ በበረሩበት ቀን ማደን ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ከማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ ነው ብሏል።

መልስ 12 አጭርና ጠንካራ እርማት ነው። ሕጉ የሚለው 3 ኤ.ኤም. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ለአደኑ ስህተቱ ጉዳት የለውም፣ ስድስት ሰዓት መዘግየት ነው። ለመውሰጃው ግን አደጋ ነው። ፓይለቱ በ9 እመጣለሁ ካለ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰው ከሰዓት በኋላ 9 መስሎት ሥጋውን ሳያወርድ ቢቆይ የቀኑ ጥሩ አየር ያመልጣል። በሳተላይት መልእክት ሲጻጻፉ ሰዓቱን በ24 ብቻ ይጻፉ፣ ቀኑንም በፈረንጅ። 11ኛው ጸሐፊ ወዲያው በመልስ 13 አመስግኖ አርሟል፤ የሳተላይት መሣሪያውንም ከዚያው ተከራዩ፣ እዚህ አገር የሳተላይት ስልክ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ቦሌ ላይ አትጨቃጨቁ ሲል ጨምሯል። እዚያው ላይ ቋንጣ ይዘን እንሂድ ለሚለው ጥያቄም መልሷል፤ ሥጋ ነክ ነገር ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ አይገባም፣ በሶና ቆሎ ግን አስመዝግቦ መያዝ ነው።

ከመልስ 14 እስከ 16 ክሩ ወደ አገር ቤት ጠፋ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለምን ጣና ወይም ጫሞ ላይ አይሠራም የሚል ጥያቄ ተነሳ። ከጉዳዩ ቢወጣም ፍሬ ነገር አለው። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አንኮሬጅ ያለው ሌክ ሁድ፣ ከዓለም እጅግ የተጨናነቀው የውሃ አውሮፕላን ጣቢያ፣ ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም። አየር በኃይል የማይገፋለት ተራ ፒስተን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ፣ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ሴስና የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ጣና ላይ 250 እንኳ አይሞላም። እምቦጩ ደግሞ ከተንሳፋፊው ጀርባ ባለው የውሃ መሪ ላይ ይጠመጠማል። ጫሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ጉማሬና አዞ ያለበት ውሃ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መንሸራተት አይታሰብም። 16ኛው ጸሐፊ ይህን እንደ ፈሪ ንግግር ቆጥሮ ጥቂት ተናግሯል፤ አልደግመውም።

መልስ 17 አደን ራሱ ኃጢአት ነው የሚል ነው። ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 18 ወደ ጉዳዩ መልሶናል። ወደቡ ላይ ቆሞ ሊታይ የሚችለውን አስቀምጧል። እያንዳንዱ ተንሳፋፊ በውስጡ ቢያንስ አራት ውሃ የማያስገቡ ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ አናት ላይ ጎማ ኳስ የተወተፈባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ጠዋት ፓይለቱ ኳሷን ነቅሎ የእጅ ፓምፑን ይሰካና ይስባል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ አየር ብቻ ሲመጣ ያ ክፍል ጤነኛ ነው። አንዱ ክፍል በየጠዋቱ ሠላሳ አርባ ጊዜ የሚሳብ ከሆነ ስፌቱ ወይም ብሎኑ ያስገባል፤ ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ በማንም የጭነት ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ጭነት ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ፓምፑን ጭራሽ ያልነካ ፓይለት ካያችሁ በትህትና ጠይቁት። ድብ የሚባረርበት የበርበሬ ጋዝ ጣሳም የሚገባው ተንሳፋፊው ውስጥ ባለው ሳጥን እንጂ ካቢን ውስጥ አይደለም፤ በበረራ ላይ ቢፈነዳ ፓይለቱ አያይም።

ስለ ሕይወት አድን ጃኬቱ የጻፈውን ሳነብ ልቤ ቆመ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰው 125ቱ አልፈዋል፤ ከነሱ ብዙዎቹ ጃኬታቸውን ካቢን ውስጥ ሆነው ስለነፉት ውሃው ሲገባ ከጣሪያው ጋር አጣብቋቸው መውጫ አጥተዋል። ተንሳፋፊ ያለው አውሮፕላን ሲገለበጥ ደግሞ ጣሪያው ከታች ይሆናል። ጃኬቱ ይለበስ፣ በሩ ምን እንደሚመስል በእጅ ይዳሰስ፣ የሚነፋው ከወጡ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ተንሳፋፊዎች ጎማም ስላላቸው፣ ጎማው ወጥቶ ውሃ ላይ ካረፉ ወዲያው ይደፋሉ፤ ፓይለቱ ከማረፉ በፊት ጎማው መግባቱን ጮክ ብሎ ሲናገር መስማት መልካም ምልክት ነው።

መልስ 19 ውሉን ይዘረዝራል። አየሩ ተበላሽቶ ፓይለቱ ከመንገድ ቢመለስ የማነው ወጪው? ሰዓቱ የሚቆጠረው ሞተር ከተነሳ ነው ወይስ ከውሃው ከተለቀቀ? ሁለተኛውና ሦስተኛው የሥጋ ምልልስ ዋጋው ተጽፏል? ሥጋው ወደ ከተማ ሲደርስ የሚገባበት ማቀዝቀዣ አለ? እዚያው ሐይቅ ላይ ሌላ የአዳኝ ቡድን ያወርዳሉ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይረሷታል፤ ሁለት ቡድን አንድ ሸለቆ ውስጥ መግባቱ አደኑን ያበላሻል፣ ጥይትም ያቀራርባል። ስለ መድን ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ለአየር ታክሲ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ለአንድ መንገደኛ 75,000 ዶላር እንደሆነ ጠቅሶ፣ ይህ አላስካ ውስጥ የአንድ ሰው የሕክምና ወጪ ላይሸፍን ስለሚችል የራስ የጉዞ መድን ይገዛ፣ ውሉ ላይም የትናንሽ አውሮፕላን በረራን እንደማያገል ይነበብ ብሏል። ወደ አዲስ አበባ የማይመጣውን ሥጋ ለሌላ ሰው ለመስጠት የማስተላለፊያ ቅጽ መሞላት እንዳለበትም አስታውሷል፤ የአክስት ልጆቹ ቢወስዱትም።

መልስ 20 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ቀብዱን አልከፈለም። ለሁለቱም ድርጅቶች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልኳል፦ አምስት ሰው፣ ሁለት ሙስ ከነአጥንቱ፣ የ1 ሰዓት ርቀት፣ ስንት ምልልስ ታስባላችሁ፣ በምን ሐይቅ፣ ባዶ ክብደታችሁ ስንት ነው? የኦተሩ ድርጅት በማግስቱ የጭነት ስሌት፣ የሐይቁን ርዝመትና የጅራት ክፍሉ የታየበትን ቀን ልኳል። የቢቨሩ ድርጅት ሁሉም እንደሚስተካከል ጽፎ ቀብዱ እስከ ዓርብ እንዲገባ አሳስቧል። አንዱን የሚመርጠው መሪው ካየው በኋላ ቢሆንም ወዴት እንዳዘነበለ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቋል፤ የነፍስ ወከፍ ክብደት ስንጽፍ የሰውዬውን ነው ወይስ እንዴት?

መልስ 21፣ የ3ኛው ጸሐፊ ነው። አራቱንም ለብሰው መዝኗቸው ይላል፤ የካምፑን ከባድ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብሱን፣ በኪስ ያለውን ቢላና ጥይት፣ በትከሻ ያለውን ጠመንጃ ሁሉ ይዘው። ሚዛኑ የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት ሳይሆን የእህል መደብሮች ደጃፍ ያለው ባለ መድረኩ ይሁን፤ ሻንጣው ደግሞ ለብቻው ይመዘን፣ ጠንካራ ሳጥን ሳይሆን ተንሳፋፊው ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባ ለስላሳ ከረጢት ሆኖ። ቁጥሩን ሳይቀንሱ ለፓይለቱ ይላኩለት። እዚያም ወደቡ ላይ መልሰው ስለሚመዝኗቸው፣ ልዩነት ከተገኘ ተቀንሶ መሬት ላይ የሚቀረው ከምግቡ ነው።